ከአባት የወረደ ገበጣ

አባቴ ያወረሰኝ ገበጣ ጉድጓዶቹ እኩል አይደሉም። እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ያሉት 6ቱ ጠለቅ ይላሉ፤ ከንፈራቸውም ከጣት ብዛት ተበልቶ ለስልሷል። ገበጣን ከገበታ የሚያምታታ ገዢ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ አሮጌ ገበጣ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምፈልገው ግን ይህንኑ ነው። በጭስና በቅባት ያስረጁት ዕቃ ጉድጓዱም ጀርባውም አንድ ዓይነት ይጠቁራል፤ እጅ የበላው ግን እጅ የደረሰበት ቦታ ብቻ ያብረቀርቃል።

ቀጥሎ እንጨቱ። የእኛ ደብረ ታቦር ደጋ ነው፤ ዋንዛ የሚገኘው ወደ ፎገራ ዝቅ ሲሉ እንጂ በጉና ተራራ ግርጌ አይደለም። ዋንዛ ለመሮ ይመቻል፣ ለመሸከምም አይከብድም። ወይራ ጠራቢውን ያማርራል፤ ጠጠር ሲወድቅበት የሚሰጠው ጥርት ያለ ድምፅ ግን ድካሙን ያስረሳል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ይለፉት፤ ሲደርቅ ይጣመማል።

ዋናው ፈተና ጉድጓዱ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ጠጠር ይጨምሩበትና በሦስት ጣት አንዴ ይዝገኑ። አንድ እንኳ ከቀረ ጠራቢው ቸኩሏል ማለት ነው፤ ወይ ግርጌውን ጠፍጣፋ አድርጎታል፣ ወይ መሮውን አሹሎ ሰድዶታል። ጥሩ ጉድጓድ እንደ ሲኒ ግርጌ ክብ ነው፣ ጠጠሩን ራሱ ወደ ጣት ያንከባልላል። የመደዳው ብዛት ግን የጥራት ጉዳይ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከ100 በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል፤ ባለ ሁለትም ባለ ሦስትም መደዳ አለ። የጉና እረኛማ መሬቱን ጭሮ በበግ በጠጥ ይጫወታል፣ እንጨትም አያስፈልገው።

የእኛው ባለ 12 ጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ 4፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር። ከአባቴ የደረሱኝ 45 ናቸው፤ 3 ጠፍተዋል። ለንደን ውስጥ ካርታ ሠሪው ጆን ስፒልስበሪ በ1760ዎቹ ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ እየቆራረጠ ልጆች መልሰው እንዲገጣጥሙት ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ዓይነቱ ጨዋታ አንድ ቁራጭ ከጠፋ ሥዕሉ ተበላሸ። ገበጣ ግን ይቅር ባይ ነው። 3 ጠጠር ከወንዝ ለቅሜ ሞላሁ። ሆኖም ሳላያቸው በጣቴ እለያቸዋለሁ፤ ገና ሻካራ ናቸው።

አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አይቼ ለአንድ አናጢ ሰጠሁት፤ ስንጥቁን ደፍኖ፣ ሳልጠይቀው ቫርኒሽ ቀብቶ መለሰልኝ። አበራ፣ ደስ አለኝም። ማታ ስንጫወት ጠጠሩ እየተንሸራተተ ከጉድጓድ ጉድጓድ ዘለለ፣ ድምፁም ታፈነ። በስባሪ ጠርሙስ ስፍቀው ሳምንት ፈጀብኝ። የአባት ዕቃ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ጠጠር እስካልዋጠ ድረስ ይተዉት፤ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል።

እናቴ ስለ ጣት መብላት የማወራውን አትቀበልም። አባቴ ያኔውኑ ሲያስጠርበው በእሱ በኩል ያለውን አስጠልቆ አስቆፍሯል፣ ስንት እንደያዘ እንዳልቆጥርበት ነው ትላለች። አሁንም ለመጫወት ስንቀመጥ ገበጣውን አዙራ ጠለቅ ያለውን ወገን ለራሷ ታደርጋለች።