ዝም ብሎ የሚያበላሽ ትዕዛዝ

ጮኾ የሚበላሽ ነገር አያስጨንቀኝም። ሰርቨሩ «ፋይሉ የለም» ካለኝ እፈልገዋለሁ፤ «ፈቃድ የለህም» ካለኝም መላ አለው። እንቅልፍ የሚነሳኝ ትዕዛዙን ተቀብሎ፣ ትንፍሽ ሳይል፣ የተበላሸ ሥራ የሚያስረክበኝ ነው። ተርሚናል ላይ የሚውል ባለሙያ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይህን ዝምታ መጠርጠር ይማራል።

ሳንጃን እንውሰድ። ከጎንደር ደጋ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወርዱ የሚያገኟት የቆላ ከተማ፣ የታች አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ደግሞ በአብዛኛው የሰው ስም ነው፦ የገበሬ፣ የታካሚ፣ የተማሪ፣ የግብር ከፋይ። እኛ ጎንደር ቁጭ ብለን በኤስኤስኤች ነው የምንገባው። በማውስ የሚነዳ ፕሮግራም በደካማ መስመር ሲንቀራፈፍ ይውላል፤ ጽሑፍ ግን ቀላል ስለሆነ ያልፋል። ትዕዛዝ መጻፍ ለእኛ መራቀቅ ሳይሆን ያለን መንገድ ነው።

መስመሩ ሲቆረጥ በዚያ ተርሚናል የተጀመረው ሥራ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ረጅም ሥራ ሳልጀምር ቲመክስ እከፍታለሁ፤ እኔ ብወጣም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፣ ስመለስ ካለበት እይዘዋለሁ። ፋይል ለማሻገር አርሲንክን የሚያህል የለም። አንድሩ ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ ያደረገው ይህ መሣሪያ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል፤ «ፓርሻል» የሚለው አማራጭ ከተጨመረለት ደግሞ የተቋረጠውን ከቆመበት ለመቀጠል ያስችላል። ነገር ግን እዚህ ላይም ዝምታው አለ፦ መስመሩ ሲቆረጥ ግማሹ ፋይል በዋናው ስም ይቀመጣል፤ ስሙን ብቻ አይቶ ሙሉ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። «ፓርሻል ዲር» የሚባለው አማራጭ ያልተጠናቀቀውን ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያቆያል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ባክአፕም እንደዚሁ ነው። ከዳታቤዝ የሚወጣውን በፓይፕ ወደ ጂዚፕ ስንሰደው፣ ዳታቤዙ መሃል ላይ ቢወድቅም ጂዚፕ የደረሰውን ጨምቆ «ተሳክቷል» ይላል፤ ባሽም የሚያምነው የመጨረሻውን ነው። ስክሪፕቱ አናት ላይ ፓይፕፌይልን ማብራት ይህን ውሸት ያጋልጣል። ከዚያ በጊዜያዊ ስም ጽፎ፣ ሁሉም ከተሳካ በኋላ ብቻ በኤምቪ ወደ ትክክለኛው ስም መለወጥ ነው። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ እንኳ የትናንቱ ባክአፕ በቦታው ይገኛል።

የባሰው ዝምታ ግን በራሳችን ፊደል ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ሳንጃ» ሲል ሌላው «ሣንጃ» ይላል፤ ፍለጋው አንዱን ያገኝና ሌላውን ይስታል። ወደ አንድ ለማምጣት ቲአር የሚባለውን ትዕዛዝ መጠቀም ቀላል ይመስላል፤ ሣን በሳ ተካ ማለት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ የተሰጠው ቦታ በዩቲኤፍ-8 ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይጠይቃል። ሊኑክስ ላይ የምናገኘው የግኑ ቲአር ደግሞ ለረጅም ዘመን ፊደልን ሳይሆን ባይትን ሲቆጥር የኖረ ነው። ሣ እና ሳ የሚለያዩት በሦስተኛው ባይት ብቻ ስለሆነ፣ ቲአር ያንን ባይት ያገኘበት ሁሉ ይለውጠዋል። ያው ባይት በ«ባ»፣ በ«ጣ» እና በ«ዣ» መጨረሻም አለ። ውጤቱ ጉድ ነው፦ ጣና «ጳና» ይሆናል፣ ዣንጥላ «ዳንጥላ» ይሆናል። እነዚህስ ዓይን ይይዛቸዋል። አቶ ባዬ «አቶ ታዬ» ሲሆኑ ግን ማን ያየዋል? ሁለቱም የታወቁ ስሞች ናቸው፤ የመስመሩ ብዛት አልተለወጠም፣ የፋይሉ መጠን በአንድ ባይት እንኳ አልተዛነፈም፣ ስህተት የሚል መልእክት የለም። ሰውየው ግን ከመዝገቡ ጠፍተዋል።

ሴድ የሚባለው ሌላ ትዕዛዝ ሦስቱን ባይት አንድ ላይ ስለሚያይ ሣን በሳ ቢተካ ጉዳት የለውም። ሁለት ፊደል በማዕዘን ቅንፍ አድርገን ስንሰጠው ግን የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት። በእጅ ሲሞከር የሠራ ስክሪፕት ሌሊት በክሮን ሲነሳ ያንን ቅንብር ላያገኝ ይችላል፤ ያኔ ሴድም ባይት መቁጠር ይጀምርና፣ የፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ፋይሉን በሙሉ ያተራምሰዋል። ቅንብሩን ስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈጀው።

መጠርጠር ሲባል ታዲያ የሚሠራ ነገር ነው። ለውጡን በቅጂ ላይ አድርጉ። ሣ ያለባቸውን መስመሮች በግሬፕ ቁጠሩ፤ ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን በዲፍ አስተያዩ። የተለወጡት መስመሮች ከተቆጠሩት ከበለጡ ያልታዘዘ ነገር ተነክቷል። አርሲንክን በእውነት ከማስኬዳችሁ በፊት «ድራይ ረን» በሚለው አማራጭ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቁት። የረሳችሁትን አማራጭ «ማን» በሚባለው የመመሪያ ትዕዛዝ ፈልጉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ እዚያው ማሽኑ ላይ ያለ መመሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ብዙዎቻችን አይተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለፍለጋ እንዲመች ብላችሁ የሰውን ስም ዋናው መዝገብ ላይ አታስተካክሉ። ፊደሉ ወጥ የሆነውን ስም በሌላ ዓምድ አስቀምጡና ፍለጋው በዚያ ይሁን፤ ወለተ ሥላሴ ብላ የተመዘገበች ሴት በንጉሡ ሠ እንደጻፈችው ትቆይ። ስሙ የባለቤቱ ነው፤ የእኛ ሥራ ሳይነካ መጠበቅ ነው።