ቆሞ የሚታየው ምስል

ፎቶግራፎችን በዜማ አጅቦ አንዱን በሌላው እየተካ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ በሙያው አነጋገር ስላይድ ሾው፣ ከቪዲዮ ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ምስሉ ስለማይንቀሳቀስም ፋይሉን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ መለወጥ የሚያስቸግር አይመስልም። በተግባር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በሠርግ ቪዲዮ ውስጥ እስክስታ የሚወርድ ሰው ፊት ለአፍታ ቢደበዝዝ ዓይን እንቅስቃሴውን ተከትሎ ያልፈዋል፤ አምስት ሰከንድ ሙሉ ቆሞ የሚታይ ፎቶ ግን ተመልካቹ ጉድለቱን እንዲመረምር ጊዜ ይሰጠዋል። ሹም አቦን በመሰሉ የባሕር ዳር ሰፈሮች ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም ለሙት ዓመት እንዲህ ያለ ሥራ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የሚቀርብለት ቅሬታም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ቪዲዮው ላይ ለምን ደበዘዘ የሚል።

የመጀመሪያው መልስ በስሌት ይገኛል። ምስልን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ፤ 6000 በ4000 ሆኖ የተነሣ ፎቶ 24 ሚሊዮን ፒክስል ሲይዝ፣ ኢትዮጵያ በምትከተለው የፓል ሥርዓት የተዘጋጀ የዲቪዲ ምስል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ብቻ ይይዛል። ከ58 ነጥብ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ዲቪዲውን መልሶ ወደ ኤምፒፎር በመለወጥና መጠኑን 1920 በ1080 በማድረግ የጠፋውን ለማስመለስ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ሶፍትዌሩ በቀሩት ነጥቦች መካከል ግምት ይሞላል እንጂ የተጣለውን አያገኝም። በዚህ መንገድ የተሠራ ቪዲዮ በዘመናዊ ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት የሙሽራዋ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። መፍትሔው ወደ ፎቶዎቹና ወደ ኤዲቲንግ ፕሮጀክቱ ተመልሶ አዲሱን ፋይል ከዚያ ማውጣት ሲሆን፣ ዲስኩን አስረክቦ ፕሮጀክቱን የሚሰርዝ ቤት ይህን ዕድል በገዛ እጁ ይዘጋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያደናግረው የጥለት መንቀጥቀጥ ነው። የቀድሞው የቴሌቪዥን አሠራር አንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ከፍሎ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ያላቸውን አግድም መስመሮች በየተራ ያሳያል፤ ይህም ኢንተርሌስ ይባላል። የነጠላ ጥለት፣ የደንገል ታንኳ ዘንጎች ወይም የዘንባባ ቅጠል ጠርዝ ከአንድ መስመር የቀጠነ ዝርዝር ስላላቸው፣ በአንዱ ግማሽ ታይተው በሌላው እየጠፉ ይርገበገባሉ። ጀማሪ ይህን ሲያይ ምስሉን ይበልጥ ለማጥራት ይሞክርና ችግሩን ያባብሰዋል፤ የሚሻለው ግን ለዲቪዲ በሚወጣው ቅጂ ላይ ብቻ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በጥቂቱ ማለስለስ ነው። ኢንተርሌስ የሆነው ፋይል መስመሮቹ በወጉ ሳይዋሐዱ ወደ ኤምፒፎር ሲገባ ደግሞ፣ በዝግታ የሚንሸራተት ፎቶ ጠርዙ እንደ ሚዶ ጥርስ ይሆናል። ፊቶች ቀጥነውና ረዝመው ከታዩ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ዲቪዲ ለሰፊውም ለጠባቡም ስክሪን በእነዚያው 720 በ576 ነጥቦች ስለሚጠቀም፣ ምስሉ ምን ያህል ተለጥጦ እንደሚታይ የሚናገረው ምልክት በለውጡ ወቅት ጠፍቷል።

የቢትሬት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰከንድ የተመደበው የመረጃ መጠን፣ እጥረት በተለይ በፎቶዎች መሸጋገሪያ ላይ ይጋለጣል። የቪዲዮ እመቃ ከአንዱ ፍሬም ወደ ቀጣዩ የተለወጠውን ብቻ በመመዝገብ ቦታ ስለሚቆጥብ ቆሞ የሚታይ ፎቶ ብዙ አያስወጣውም፤ አንዱ ፎቶ እየከሰመ ሌላው ሲተካ ግን እያንዳንዱ ነጥብ በየፍሬሙ ይለወጣል። በ4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ የሦስት ሰዓት ሠርግ ሲጠቀጠቅ በሰከንድ የሚደርሰው 3.5 ሜጋቢት ገደማ ነውና፣ የጢስ ዓባይ አረፋ ያለበት ፎቶ በዚያች ሽግግር ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይፈርሳል። ቢትሬት መጨመር ካልተቻለ ሽግግሩን ማሳጠር ወይም በቀጥታ መቁረጥ ይሻላል፤ መቁረጡ ደግሞ ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ለዓይን ያምራል። በጣና ላይ የሚታየው የንጋት ሰማይ እንደ ደረጃ ተከፋፍሎ ሲታይ ግን ቢትሬት መጨመር ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ለእያንዳንዱ ቀለም ቢበዛ 256 እርከኖች ብቻ ስላሉት፣ ጥቂት የአሸዋ መሳይ ቅንጣት በምስሉ ላይ መጨመር የእርከኖቹን ድንበር ይሸፍናል።

ጥፋቱ ከለውጡ በፊት የሚገኝበትም ጊዜ ብዙ ነው። ቤተሰብ ከውጭ አገር በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የሚልካቸው ምስሎች በመንገድ ላይ ታምቀው ስለሚደርሱ፣ እንደ ፋይል እንዲላኩ አስቀድሞ መጠየቅ ኋላ ከሚደረግ ጥገና ሁሉ ይበልጣል። ለሙት ዓመት ከሚመጡት ፎቶዎች መካከል ደግሞ አንዳንዴ ሟቹን የሚያሳየው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነው ይህ ፎቶ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ፣ ስካን ሲደረግ 354 በ472 ፒክስል ብቻ ይሰጣል፤ በ1200 ሲደረግ 1417 በ1890 ይደርሳል፣ ሆኖም ከዚያ ውስጥ የሚበዛው የወረቀቱ ቅንጣት እንጂ የሰውየው ፊት አይደለም። ስለዚህ ስክሪኑን እስኪሞላ ከመለጠጥ ይልቅ በጠቆረ መደብ መካከል በልኩ አኑሮ፣ ሳያንሸራትቱ ከሌሎቹ ፎቶዎች ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ይመረጣል።