ጉልበት፦ ስለ ድርቅና ጎርፍ የሚናገር አካል

በአማርኛ የእግር መታጠፊያውም የሥራ ዐቅሙም ጉልበት ነው። የደቡብ ጎንደር ወረዳዎችን፣ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን፣ ድርቅ በአካላዊ ቲያትር ለማሳየት ለሚነሣ አዘጋጅ ከዚህ ቃል የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ምህላ ሲያዝ የሚንበረከከው ጉልበት በማግስቱ እርከን ላይ ድንጋይ ያነሣል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር፣ ሴፍቲኔትም፣ ሰዉን የሚለየው በጉልበቱ ነው፤ ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራል፣ አቅመ ደካማው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

መድረኩ ግን ይህን ጉልበት አያውቀውም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ስለ ረኃቡ ያቀረቡት የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ቀስቅሷል፤ ውለታው አይካድም። ሆኖም የተራበ ሰው ማለት የተኛ፣ ፊቱ ላይ ያረፈውን ዝንብ እንኳ የማያባርር ሰው ነው የሚል ሥዕል ትቶ አለፈ። ዛሬም ተዋናይ «ድርቅን አሳይ» ሲባል ወለሉ ላይ ወድቆ እጁን የሚዘረጋው ከዚያ ሥዕል በመነሣት ይመስለኛል። ድርቅ ግን ከመውደቅ በፊት ብዙ መንገድ አለው። አባወራው እርጥበት ይኖር እንደሆነ ጣቱን አፈር ውስጥ ከትቶ ያያል፤ ወጣቱ ለአረም ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል፤ እናት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ጄሪካኗን ታዝላለች።

ምህላውን ቀረብ ብለን እንየው። ካህኑ ይጀምራል፣ ሕዝቡ «እግዚኦ» እያለ ይቀበላል። መጀመሪያ ድምፁ የተበታተነ ነው፤ ቀስ በቀስ ትንፋሹ ይገጥማል። ግንባር አፈር ይነካል፣ ሰው ይነሣል፣ ደግሞ ይወርዳል፤ አርባ አንድ ጊዜ። መሐል ላይ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ይከዳቸዋል፤ አጠገባቸው ያለው ጎረምሳ ጸሎቱን ሳያቋርጥ ክንዳቸውን ይይዛል። ምህላ ለተመልካች የሚቀርብ ትርኢት አይደለም፤ መድረክ ላይ እንዳለ መገልበጡን አልደግፍም። ተዋናዩ ሊማር የሚገባው ያንን የክንድ አያያዝና የጋራ ትንፋሹን ነው።

አካል ከራሱ ሕይወት ተነሥቶ መናገር እንደሚችል እዚሁ አገር ታይቷል። የአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ያሠለጠነው አዱኛ የዳንስ ቲያትር ያፈራው ዳንሰኛ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ፣ ከጃፓናዊው የዳንስ አቀናባሪ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እስከ መሥራት ደርሷል።

የትርኢቱን ቅርጽ ደግሞ የአካባቢው ተራራ ጉና ራሱ ይሰጠናል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከዚህ ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ፤ በ1998ቱ ክረምት ሜዳው በጎርፍ ተጥለቅልቆ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። በምሥራቅ በኩል ያሉት ቆላዎች ደግሞ ዝናብ ሲያጥር ይነድዳሉ። ስለዚህ ድርቁን በአንድ ትዕይንት፣ ጎርፉን በሌላ ማሳየት አካባቢውን አለማወቅ ነው። ጄሪካን አዝላ የጎበጠችው ተዋናይት፣ ጀርባዋን ሳታቀና፣ ልጅ አዝላ ውኃ ውስጥ ትግባ። ከኋላዋ ተዋንያኑ ተሰልፈው ድንጋይ ይቀባበሉ፤ እስቴ ላይ የተካበ እርከን ለላይኛው ማሳ እርጥበት ሲያቆይ ወደ ፎገራ የሚወርደውን ጎርፍም ያበርዳልና። ድንጋዩ እውነተኛ ይሁን፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ክብደቱ ጉልበት ላይ ይታይ።