የፈረሰ ሐድራና የተረሱ ኻዲሞች

ወጣቶች ሆይ፤ ቤት ቢፈርስ ድንጋዩ ይቀራል፤ የተረሳ ሰው ግን ምን ይቀርለታል? ይኸን እንዳስብ ያደረገኝ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ሁሴን አህመድ ስለ 19ኛው ምዕተ ዓመት የወሎ እስልምና በእንግሊዝኛ ጽፈውት በ1993 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001) የታተመው መጽሐፍ ነው።

ሐድራ ማለት ሼህ የሚኖርበት፥ ደረሳ የሚማርበት፥ ሕዝብም ለዱዓ የሚሰበሰብበት ስፍራ ነው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ፥ ገሚሱ ተጠመቀ፤ ገሚሱ ተሰደደ፤ ገሚሱም እንደ ሼህ ጠልሃ እንቢ አለ። ሕዝብ ሲበተን ታሪኩም አብሮ ይበተናል። ደራሲው ግን በዐረብኛ የተጻፉትን የሼሆች ገድሎች ፈልገው፥ ሽማግሌዎችንም ጠይቀው፥ የጀማ ንጉሡን ሼህ መሐመድ ሻፊንና መሰሎቻቸውን ከመረሳት አዳኑ። ስለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን ገድል የሚጻፈው ለሼሁ ነው። ውሃ ቀድታና ቡና አፍልታ ወዳጃውን ያቆመችውን ሴት፥ እንጨት የለቀመውን ደረሳ፥ መንዙማውን በቃሉ ይዞ ለልጁ ያወረሰውን ኻዲም ገድል ጸሐፊው አይቆጥራቸውም። ምንጩ ዝም ካለ ታሪክ ጸሐፊው ከየት ያመጣል? ደግሞም መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ አያቱ በዚያ ሐድራ ያገለገለ የገበሬ ልጅ ሊያነበው አይችልም።

በዚህ ነገር የአዊ ሰው ምሳሌ ይሆነናል። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ፥ የዘመቱት አባቶች ከነፈረሶቻቸው ይታሰባሉ፤ የሚታሰበውም አለቃው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በዳንግላም ሆነ በደሴ ያላችሁ ወጣቶች፥ ሽማግሌ ሳያልፍ ጠይቁ። ሐድራውን ማን ሠራው? ውሃውን ማን ቀዳ? ማንስ የት ተቀበረ? የሰማችሁትን ከተናጋሪው ስም ጋር ጻፉ፤ ያልሰማችሁትን አትጨምሩ፤ ተአምርም ቢነገራችሁ «ይባላል» ብላችሁ አኑሩት። የጎረቤትን ሙታን ስም መጠበቅ የራስን ሃይማኖት መካድ አይደለም። ዛሬ የሌላውን ስም የጠበቀ፥ ነገ ለራሱ ስም ጠባቂ አያጣም።