የተዘጋው ደጅና የተከፈተው ግድግዳ፤ ስለ ቢህዛድ የዮሴፍ ሥዕል

በመጽሐፍ ውስጥ የሚሣል ሥዕል ለጽሕፈቱ ምኑ ነው? ጌጡ ነውን ወይስ ተርጓሚው? ጌጥ ቢሆን ዓይንን ደስ አሰኝቶ ያልፋል፤ ተርጓሚ ቢሆን ግን እንደ መምህር ይመረመራል፤ ምሥጢሩን ቢያጐድል ይወቀሳል፥ ቢያሰፋም ይመሰገናል። የፋርስ ሠዓልያን ከሁለቱ ከየትኛው ወገን እንደሚቈጠሩ ለማወቅ የቢህዛድን አንድ ገጽ መመርመር ይበቃል።

የሺራዙ ባለቅኔ ሳዕዲ «ቡስታን» የሚባለውን የምክር ግጥም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1257 ዓመት ፈጸመ። ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ሱልጣን ሑሴን ባይቀራ ይህን መጽሐፍ በሄራት ከተማ አስጻፈ፤ ጸሓፊው ሱልጣን ዓሊ መሽሀዲ፥ ሠዓሊው ከማል አድዲን ቢህዛድ ነበሩ። የዮሴፍና የጲጥፋራ ሚስት ታሪክ በዚህ መጽሐፍ የተሣለው በ1488 ሲሆን፥ መጽሐፉ ዛሬ በካይሮ በግብጽ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ፋርሶች ሴቲቱን ዙለይኻ ይሏታል።

ሳዕዲ እንደሚተርከው ዙለይኻ ዮሴፍን በያዘችው ጊዜ በድንጋይ ጣዖቷ ፊት አፈረችና ፊቱን በጨርቅ ሸፈነችው፤ ዮሴፍም እርስዋ ድንጋዩን ካፈረች እርሱ ፈጣሪውን ይልቁን ሊያፍር እንደሚገባው መለሰላት። ቢህዛድ ግን ጣዖቱንም ጨርቁንም አልሣለም። በፈንታው በዚያ ዘመን በሄራት ይኖር የነበረው ባለቅኔ ጃሚ የተረከውን ቤት ሣለ፤ ይኸውም እልፍኝ ከእልፍኝ እየተከተለ ሰባት የሆነ፥ ዙለይኻ ዮሴፍን እያስገባች ደጁን በኋላው የቈለፈችበት ነው። በሕንጻውም ላይ የጃሚን ስንኝ ጻፈበት።

ቃልን የሚጠብቅ አንባቢ ይህን ድፍረት ሊለው ይችላል። ዳሩ ግን ቅኔ የተማረ ሰው እንዲህ አይፈርድም፤ ሰሙ ተለወጠ እንጂ ወርቁ አልተለወጠምና። የጣዖቱን ፊት መሸፈንና ሰባቱን ደጅ መቈለፍ አንድ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ከሚያይ ዓይን መሸሸግ ነው። መልሳቸውም አንድ ነው፤ ከእግዚአብሔር የሚሰውር መጋረጃም መዝጊያም የለም። ዮሴፍን ከኀጢአት የጠበቀው ይኸው ፍርሃት መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረትም ይመሰክራል።

የሠዓሊው ጥበብ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ደረጃው ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ደጆቹ ተዘግተዋል፤ ከሁለቱ በቀር በቤቱ ሰው የለም። በላይኛው እልፍኝ ዙለይኻ ቀይ ለብሳ እጇን ትዘረጋለች፤ ዮሴፍም አረንጓዴ ለብሶ፥ ነበልባል ራሱን እንደ አክሊል ከቦት፥ ይሸሻል። ነገር ግን ሠዓሊው በተመልካቹ በኩል ያለውን ግድግዳ ስላነሣው፥ ደጁ ሁሉ የተቈለፈው ቤት ወለል ብሎ ይታያል። የአውሮፓን የአሣሣል ሥርዓት የለመደ ዓይን ውስጡንና ውጭውን ባንድነት ማሳየት ስሕተት ይመስለው ይሆናል፤ በዚህ ገጽ ግን ሥርዓቱ ራሱ ትርጓሜ ሆኗል። ዙለይኻ የዘጋችውን ሠዓሊው ከፈተው። ደግሞም ጃሚ በግድግዳው ላይ የሁለቱ መተቃቀፍ ተሥሎ እንደ ነበረ ሲናገር፥ ቢህዛድ ያን ትቶ ግድግዳውን በሐረግና በማእዘን ቅርጽ ብቻ ሞላው፤ ተመልካቹን ከዙለይኻ ወጥመድ የጠበቀ ይመስላል።

አንድ ጕድለት ግን አይታለፍም። የዮሴፍ ፊት የተረጋጋ ነው፤ ከፈተና ጋራ የሚታገል ጐልማሳ ጭንቀት አይነበብበትም። ትግሉን ሁሉ ደረጃውና ደጁ ተሸክመውታል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ቢያየው ያማረ ቤት ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ስለዚህ ቢህዛድ ከተርጓሚዎች እንጂ ከአስጌጮች አይቈጠርም፤ ተርጓሚም ያለ ንባቡ አይቆምም። ለሻህ ጠህማስብ የተዘጋጀው ታላቁ «ሻህናሜ» 258 ሥዕል የነበረው ሲሆን፥ ከ1970 ጀምሮ ገጹ እየተለየ በየአገሩ ተበትኗል፤ የሚያየው ሁሉ ቀለሙን ያደንቃል፥ ከፊቱና ከኋላው የነበረውን ቃል ግን አያገኝም። የካይሮው ዮሴፍ ከሳዕዲ ቃል ጋራ በአንድ ገጽ በመኖሩ፥ ጨርቁንና ደጁን አስተያይቶ ወርቁን ማውጣት እስከ ዛሬ ለአንባቢ ይቻለዋል።