ስለ ረከቦት ልክና ውበት

የእጅ ሥራን ተመልክቶ «ይህ ያማረ ነው፤ ያኛው ጎደሎ ነው» ብሎ ለመፍረድ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው ሳይታወቅ የሚሰጥ ፍርድ ከግል ምርጫ አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በየቤቱ የሚገኘውን ትንሹን የእንጨት ጠረጴዛ፣ ረከቦትን ነው። ጥያቄያችንም፦ የረከቦት ቁመትና ስፋት ተመጣጠነ የሚባለው ከምን ጋር ተመዝኖ ነው? የሚል ነው።

ብዙዎች ውበትን ከቁጥር ብቻ ይጠብቃሉ። ረዥሙ ጎን የአጭሩን 1.618 እጅ ቢሆን ዓይንን ደስ ያሰኛል የሚለው አስተያየት የታወቀ ነው። የኪነ ሕንፃው ሊቅ ለ ኮርቡዚዬም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ባሳተመው «ሞዱሎር» በተባለው መጽሐፍ ይህንኑ ምጣኔ ከሰው አካል ጋር አስማምቶ፣ ቁመቱ 183 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቆሞ እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው ለልኩ መነሻ አድርጎታል። ልኩ ከሰው አካል መነሣቱ የሚመሰገን ነው፤ አባቶቻችንም በክንድ፣ በስንዝር፣ በጋትና በጣት ሲለኩ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ረከቦት የቆመ ሰው ዕቃ አይደለም። በበርጩማ ተቀምጣ ቡና የምታፈላ ሴት ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ልኩ የሚነሣው ከእርሷ ጉልበትና ክንድ ነው።

ይህም በቅጂው ጊዜ በግልጥ ይታያል። ሲኒዎቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ጀበናው ከበላያቸው ዘንበል ብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ረከቦቱ ዝቅ ያለ ሲሆን ክንዷ ሳይሰቀል እጇ ይጸናል፤ አተላውም ረግቶ ይቀራል። ረከቦቱ ከልክ በላይ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ግን ትከሻዋ ይነሣል፣ እጇ ይደክማል፣ ጀበናው ይናወጣል፣ ደፍርሶ የሚወርደውም ቡና የአናጢውን ስሕተት ለእንግዳው ይነግራል። ስፋቱም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ሲኒ ሳትነሣ ከምትደርስበት ማለፍ የለበትም።

እንግዲህ ዛሬ በየሆቴሉና በየአዳራሹ ለጌጥ የሚቀመጠውን ትልቁን ረከቦት በዚህ መለኪያ እንየው። ከሩቅ እንዲታይ ተብሎ ሳንቃው ሰፍቷል፤ እግሩም ረዝሟል። በርጩማው ግን እንደ ቀድሞው ቀርቷል። አሳላፊዋም እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ከጠረጴዛው በታች ተቀምጣ ወደ ላይ ትንጠራራለች። ቅርጹ ያጌጠ፣ ቀለሙም የሚያብረቀርቅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዕቃው ባለቤቱን አሳንሶ ስለሚያሳይ መልካም ነው ልንለው አንችልም።

ምናልባት «ዘመኑ ተለውጧል፤ ሰው በወንበር ይቀመጣል» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛም ረከቦት ከፍ አይበል አላልንም። ለምግብ የሚሠራ ጠረጴዛ ከ72 እስከ 76 ሳንቲ ሜትር፣ ወንበሩም ወደ 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው በሁለቱ መካከል ለጭንና ለክንድ የሚበቃ ርቀት እንዲኖር ነው። የሚጠበቀው ይህ ርቀት ነው፤ መቀመጫው ሲነሣ ጠረጴዛውም አብሮት ይነሣል።

ይህ ከተጠበቀ በኋላ ለዓይን የሚቀረው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የማይናቅ ነው። ወፍራም ሳንቃ በቀጭን እግር ላይ ሲያርፍ የሚወድቅ ይመስላል፤ ቀጭን ሳንቃም በወፍራም እግር ላይ ሲያርፍ የተረሳ ይመስላል። ብልኅ አናጢ የሳንቃውን ጠርዝ ከታች በኩል በሰያፍ ይልገዋል፤ ጥንካሬው ሳይቀነስ ቀላል ሆኖ ይታያል። እግሮቹንም ወደ ውጭ ጥቂት ዘርጋ ያደርጋቸዋል፤ ጫፉን የነካ ሰው እንዳይገለብጠው የሚጠብቀው ይኸው ነው። በዚህም የሚያምረውና የሚጸናው አንድ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት የቤት ዕቃን ለሚሰበስቡና ለሚመዘግቡም ይጠቅማል። የረከቦትን ቁመትና ስፋት ጽፎ በርጩማውን መተው፣ የጫማን ልክ ጽፎ እግሩን እንደ መርሳት ነው። በመዝገብ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የምትቀዳውም ሴት የክንዷ ርዝመት ይጨመር። ያን ጊዜ ስለ ውበቱ የምንሰጠው ፍርድ መሠረት ያለው ይሆናል።