«የሰማይ ጥራት» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

እንደሚታወቀው፣ በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ከተመረቁ ወዲህ ሥነ ፈለክ በአገራችን የመጽሐፍ ትምህርት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የአዲስ አበባ መብራት ግን የእንጦጦን ሰማይ እያደመቀው በመምጣቱ፣ በላሊበላ አካባቢ የሚገኙ ከ4000 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች ለሌላ የምልከታ ጣቢያ ሲጠኑ ቆይተዋል። የዚህ ዓይነቱ ጥናት መሠረቱ ሌሊት በሌሊት የሚያዝ መዝገብ ነው። የሰማዩ ሁኔታ በየጊዜው እየተለካ ካልተጻፈ የትኛው ተራራ ከየትኛው እንደሚሻል አይታወቅም። መዝገብ ጸሐፊው ደግሞ ቃል ያስፈልገዋል። የቃላት አዘጋጅና የተርጓሚ ኃላፊነት የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

በትርጉም ሥራ ደጋግሞ ያጋጠመንና ልንተቸው የተነሣንበት ስያሜ «የሰማይ ጥራት መለኪያ» የሚለው ነው። ስያሜው «ስካይ ኳሊቲ ሜትር» የተባለችው በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ስም ቃል በቃል ተመልሶ የተገኘ ነው። መሣሪያዋ የምትለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰማዩ ወደ ታች የሚመጣውን የብርሃን መጠን። ስለ ደመና፣ ስለ አቧራ፣ ስለ አየሩ መናወጥ በቀጥታ የምትናገረው የለም።

«ጠራ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ጥራት» በአማርኛ ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው የጥንቱ ነው፤ ውሃ ሲጠራ፣ ጠላ ሲጠራ፣ ሰማይ ሲጠራ፣ ድፍርሱ ወይም ደመናው መወገዱን ይገልጻል። ሁለተኛው «የትምህርት ጥራት»፣ «የዕቃ ጥራት» በሚሉት ሐረጎች የለመድነው የደረጃ ትርጉም ነው። ተርጓሚው ሁለተኛውን አስቦ ይጽፋል፤ አንባቢው ግን «ሰማይ» የሚለውን ቃል ከአጠገቡ ባየ ጊዜ የመጀመሪያውን ይረዳል። ለአማርኛ ተናጋሪ የጠራ ሰማይ ደመና የሌለበት ሰማይ ነው።

ይህ የቃላት ሰዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ያለችውን ቢዮ አዋሌን ለምሳሌ እንውሰድ። ጣቢያ የተተከለባት ሥፍራ አይደለችም፤ የመረጥናት ከከተማው መብራት ወጣ ያለና ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚነገርበት ሥፍራ ለምሳሌያችን ስለሚስማማ ነው። መብራት በሌለበት ገጠር ደመና ሲመጣ የከዋክብትን ብርሃን ስለሚጋርድ ሰማዩ ይጨልማል። እንጦጦን በመሰለ ከከተማ አናት ላይ ባለ ሥፍራ ግን ያው ደመና የከተማውን መብራት ወደ ታች ስለሚመልስ ሰማዩ ይደምቃል። የመሣሪያዋ ቁጥር ሰማዩ በጨለመ መጠን ከፍ የሚል ነው። እንግዲህ ከከተማ በራቀው ጣቢያ ደመና የሸፈነው ሌሊት በ«ጥራት» ዓምድ ሥር ከሁሉ የበለጠ ቁጥር ይዞ ይመዘገባል ማለት ነው! መዝገቡን ከዓመታት በኋላ የሚያነብ ሰው ከዋክብት ያልታዩበትን ሌሊት የጠራ ሌሊት አድርጎ ቢቆጥር ጥፋቱ የእሱ አይሆንም።

የቁጥሩ ነገር ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። ጥንት የግሪክ ሊቃውንት ደማቆቹን ከዋክብት አንደኛ ደረጃ፣ ለዓይን በጭንቅ የሚታዩትን ስድስተኛ ደረጃ አሏቸው። በ1856 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ፖግሰን 5 ደረጃ የ100 እጥፍ የብርሃን ልዩነት እንዲሆን ወሰነው፤ አቅጣጫው ግን እንደ ጥንቱ ቀረ። ስለዚህ ጨረቃ የሌለበትና መብራት ያልነካው ሰማይ 22 ገደማ ሲለካ፣ የትልቅ ከተማ ሰማይ 18 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል የ40 እጥፍ ያህል የብርሃን ልዩነት አለ። በመሆኑም «የሰማይ ድምቀት» የሚለው አማራጭ ስያሜም አያዋጣም። «ድምቀቱ ከ18 ወደ 22 ከፍ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰማዩ ደመቀ እንጂ ጨለመ አያሰኝም።

በእኛ አስተያየት ተስማሚው «የሰማይ ጽልመት» ነው። ቃሉ ቁጥሩን ይከተላል፤ ጽልመት 22 ከጽልመት 18 ይበልጣል፤ አንባቢም አይሳሳትም። «ጽልመት» የስብከት ቃል ነው፣ ክፉ ነገር ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሙያዊ ቃል ከዕለት ንግግር ጥቂት መራቁ ግን ጉዳት የለውም፤ «ጨለማ» ብንል ሰው ሁሉ «አለ ወይስ የለም» የሚለውን እንጂ መጠንን አያስብም። ስያሜው ወደ ጎረቤት ቋንቋዎች ሲሻገርም አይቸግርም። የቢዮ አዋሌው መዝገብ ጸሐፊ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ቢሆን «ዱካና» ወይም «ሙግዲ» ብሎ ይረዳዋል። «ጥራት» ግን በኦሮምኛ «ቁልቁሊና» ሲባል ያንኑ የአማርኛውን ወጥመድ ይዞ ይሄዳል፤ እሱም ንጽሕናንም የደረጃ ከፍታንም ያመለክታልና። ሶማሊኛ የደረጃውን ትርጉም «ታዮ» ብሎ ስለሚለየው ከዚህ ይድናል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ቃል ፈለክ ተመልካቾች «ሲይንግ» የሚሉት ነው። ቀን የጋለ መሬት ሌሊት ሙቀቱን ሲለቅ አየሩ ይናወጣል፤ የኮከቡም ምስል ይርገበገባል፣ ይሰፋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ አንዳች ደመና በሌለበት ሌሊት ይህ ሊከሰት ይችላል፤ «ሰማዩ ጠርቷል» ማለት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው። ቃሉን «እይታ» ብሎ መመለስ ትርጉሙን ፈጽሞ ይስተዋል፤ «ታይነት» ደግሞ በሜትሮሎጂ ሰዎች የተያዘ ነው። «እርግብግቢት» የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ምስሉን በመግለጥ ረገድ ባማረ ነበር፤ ነገር ግን እናቶች ለሕፃን አናት ቀድመው ወስደውታል። «የምስል ርጋታ» የሚለውን ወድደነው ነበር፤ ሆኖም የሚለካው የምስሉ ስፋት ስለሆነ፣ የ1 ዲግሪ 1/3600 በሆነው የማዕዘን ሰከንድ 3 የተመዘገበው ሌሊት 1 ከተመዘገበው የከፋ ነው። ርጋታ 3 ከርጋታ 1 ያንሳል ማለት ደግሞ የጥራትን ስሕተት መድገም ነው። ስለዚህ «የኮከብ ብዥታ» እንመርጣለን። ለጆሮ የተራ ሰው ቃል ይመስል ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮም ይወርዳል። «ሲይንግ»ን እንዳለ መዋስ ለባለሙያው ቢቀልለውም፣ መዝገቡን ሌሊት ለሚሞላው ሰው የሚያስተምረው ነገር የለም።

ለደመና አዲስ ስያሜ አያስፈልግም። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ሰማዩን ለ8 ከፍለው ስንት እጁ እንደተሸፈነ ይቆጥራሉ፤ ይኸው አሠራር ከጽልመቱ ዓምድ ጎን ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል። «ሰማዩ ጠራ» የሚለው የቆየ አነጋገርም በዚያ ዓምድ ውስጥ 0 በተጻፈበት ሌሊት በትክክል ይገባል።